ጭብጡ «ቀይ» ሲሆን

የፎቶግራፍ ውድድር አዘጋጆች ለተወዳዳሪ ከሚሰጧቸው ጭብጦች ሁሉ አጭሩ የቀለም ስም ነው። «ቀይ» ይላሉ፤ በቃ። «ውሃ» ወይም «ቤተሰብ» የሚል ጭብጥ ቢያንስ ካሜራችንን ይዘን ወዴት እንደምንሄድ ይጠቁመናል። ቀለም ግን ቦታም፣ ሰውም፣ ድርጊትም አያመለክትም። ብዙ ሰው ቀላል መስሎት ይገባበትና ቲማቲም፣ ጽጌረዳ፣ የተቀባ ከንፈር ወይም የትራፊክ መብራት አንስቶ ይልካል። ዳኞች ፊት ሲደረደሩ ሁሉም ቀይ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ነገር ግን አይገኝም።

በእኔ እምነት የቀለም ጭብጥ የሚፈልገው ቀዩ ቢወጣበት ከነጭራሹ የሚፈርስ ፎቶ ነው። ይህን በደንብ ለመረዳት አንድ የታወቀ ሥራ ጠጋ ብሎ ማየት ይበጃል።

አሜሪካዊው ዊሊያም ኤግልስተን እ.ኤ.አ. በ1973 ሚሲሲፒ ውስጥ ግሪንዉድ በምትባል ከተማ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ካሜራውን ወደ ኮርኒሱ አቀና። ኮርኒሱም ግድግዳውም ደም የመሰለ ቀይ ተቀብተዋል። መሐል ላይ ሽፋን የሌለው አምፖል አለ፤ ከአምፖሉ የሚነሱ ነጫጭ የኤሌክትሪክ ገመዶች ኮርኒሱን እየሰነጠቁ ወደየአቅጣጫው ይሄዳሉ። ጥግ ላይ የተለጠፈ ፖስተር በከፊል ይታያል። ሰው የለም፤ የሚያምር ዕቃም የለም። ወደ ጥቁርና ነጭ ብንቀይረው የሚቀረን ግራጫ ኮርኒስና አንድ አምፖል ነው፤ ማንም ቆም ብሎ አያየውም። ቀዩ ሲመለስ ክፍሉ ይከብዳል፤ እዚህ ቤት ምን ተደርጎ ይሆን ያሰኛል። የገመዶቹ ንጣት ደግሞ ቀዩን የባሰ ያጎላዋል። ኤግልስተን ሥራውን ያሳተመው ዳይ ትራንስፈር በሚባል፣ ቀለማቱን በየተራ ወረቀቱ ላይ በሚያሳርፍ ውድ ዘዴ ነው። ዘዴው በዚያን ጊዜ በዋናነት የማስታወቂያ ሥራ መገልገያ ነበር። በ1976 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ባለ ቀለም ፎቶዎቹን ለሕዝብ ሲያቀርብ ብዙ ሐያስያን አጣጥለውታል፤ ለእነሱ ጥበብ የሚባለው ፎቶ ገና ጥቁርና ነጩ ነበር።

ቀዩ የግድ ፎቶውን መሙላት የለበትም። ሌላው አሜሪካዊ ሳውል ሌይተር በ1950ዎቹ የኒውዮርክን ጎዳናዎች ሲያነሳ ብዙውን የፎቶውን ክፍል ለበረዶ፣ ለጉም ወይም ላብ ላላበው መስታወት ይተወዋል። በዚያ ሁሉ ግራጫ ውስጥ አንድ ቀይ ጃንጥላ ብቅ ትላለች። ከፎቶው የያዘችው ቦታ ትንሽ ነው፤ ዓይን ግን መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

ነገሩ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤዥን ሼቭረል ፓሪስ በሚገኘው የጎብለን ሥጋጃ ማምረቻ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል ቅሬታ ደረሰው። ክሩን ቢመረምር እንከን አጣበት፤ ጥቁሩን ያደበዘዙት አጠገቡ የተሸመኑት ሌሎች ቀለማት ነበሩ። በ1839 ያሳተመው መጽሐፍ ጎረቤት ቀለማት አንዱ የሌላውን መልክ እንዴት እንደሚለውጥ ይዘረዝራል። ቀይ ከአረንጓዴ አጠገብ ሲሆን ሁለቱም ይደምቃሉ፤ ከብርቱካንማ ጎን ሲሆን ግን ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ በቀይ አፈር ላይ የተሰጣ በርበሬና በለምለም ሣር ዳር የተሰጣ በርበሬ፣ በርበሬው ከአንድ ማሳ የተለቀመ ቢሆንም፣ ፎቶ ላይ አንድ አይሆኑም።

ለዚህ ከአገራችን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የባሌው ሳነቲ አምባ አብዛኛው ክፍሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ መሬቱ ድንጋይና ግራጫማ ቁጥቋጦ ነው። ቀይ ቀበሮ በዚያ መሐል ለአይጥ ሲያደባ ጀርባው ከሩቅ ይታያል። ጥብቅ ዳኛ «ይህ ወደ ዳማ ያደላል» ሊል ይችላል፤ ፀጉሩ ለብቻው ቢታይ እውነቱን ነው። እኔ ብሆን ግን ያለ ማመንታት እቀበለዋለሁ፤ በዚያ ግራጫ ሜዳ ላይ ቀይ እሱ ብቻ ነውና።

ወደ መሣሪያው ስንመጣ ቀይ ከባድ ቀለም ነው። የካሜራ ሴንሰር በራሱ ቀለም አይለይም፤ የሚለየው በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ በተደረበች ባለ ቀለም ማጣሪያ ነው። የኮዳኩ ብራይስ ቤየር በ1976 የፈጠራ መብት ያገኘበትና ዛሬም አብዛኞቹ ካሜራዎች የሚከተሉት አደራደር ግማሹን ነጥብ ለአረንጓዴ፣ ሩቡን ለቀይ፣ ሩቡን ለሰማያዊ ይሰጣል። ያንኑ በርበሬ በቀትር ፀሐይ አንሱትና ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። የዛላው ሽብሽብ፣ የልጣጩ ማብረቅረቅ፣ በጎን የፈሰሰው ፍሬ የት ገባ? ሁሉም አንድ ወጥ ቀይ ሆኗል። የቀዩ መጠን ሴንሰሩ ሊይዝ ከሚችለው አልፎ ሳለ አረንጓዴውና ሰማያዊው ገና ዝቅተኛ ስለሆኑ፣ የጠቅላላ ብርሃን ሂስቶግራም ደህና ነው ሊለን ይችላል። መፍትሔው ሦስቱን ቀለማት ለየብቻ የሚያሳየውን ሂስቶግራም መክፈት፣ ኤክስፖዠሩን ዝቅ ማድረግና በሮው ፋይል ማንሳት ነው። ደመና እስኪጋርድ መጠበቅ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ልጣጩ ላይ የሚያንጸባርቀውን ነጭ ብርሃን ፖላራይዘር ይቀንሰዋል፤ ቀለሙም ይጠልቃል።

ሲመሽ ችግሩ ወደ ዓይናችን ይዞራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የቼኩ ሳይንቲስት ያን ፑርኪንዬ እንዳስተዋለው፣ ብርሃን ሲደክም ቀይ አበባ ከሰማያዊው ቀድሞ ይጠቁርብናል። ካሜራው ይህ ድካም የለበትም። ሲመሻሽ የጠቆረ መስሎን ትተነው የሄድነው ቀይ በር ረዘም ባለ ኤክስፖዠር ፍም ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ትርጉሙ ነው። ቻይና ውስጥ ቀይ የሠርግና የመልካም ዕድል ቀለም ነው። 1969ንና 1970 ዓ.ም.ን አዲስ አበባ ላይ ያሳለፈ ሰው ግን ቀይ ሲባል ቀድሞ የሚመጣበት «ቀይ ሽብር» ነው፤ መስቀል አደባባይ ያለው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ያንን ቀለም በስሙ ይዞ ቆሟል። ፎቶግራፍ አንሺው የተመልካቹን ትዝታ ማዘዝ አይችልም፤ የትኛውን ቀይ ማለቱ እንደሆነ ግን በፍሬሙ ውስጥ መናገር አለበት። ቁጣን አስቤ ነው ብሎ ቀይ የሌለበትን ፎቶ በረጅም ማብራሪያ አጅቦ የሚልክ ተወዳዳሪ አለ። ጭብጡ ቀለም ከሆነ ቀለሙ በዓይን መታየት አለበት እላለሁ።

ቀለምን ፈልጎ ከማግኘት ይልቅ ራሱን ሠርቶ ማምጣትም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ የዚህ መንገድ ዋና ምሳሌ ናት። በ2016 ባቀረበችው «ዓለም ዘጠኝ ናት» በተሰኘው ተከታታይ ሥራዋ የሴቶቹ ፊት ይቀባል፣ ልብሱ ይመረጣል፣ ጀርባው ይዘጋጃል፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ቦታቸውን ይዘዋል። ለዋተርኤይድ ድርጅት በ2018 ዳሎል ላይ ስለ ውሃ እጦት በሠራቻቸው ፎቶዎችም ያው ጥንቃቄ አለ። እንዲህ ያለው ቀይ አጋጣሚ የጣለው ሳይሆን የታሰበበት መሆኑን ተመልካች ወዲያው ያውቃል።

ከኤዲቲንግ አንጻር የየውድድሩን ደንብ ማንበብ ግድ ነው። የጋዜጠኝነት ፎቶ ውድድሮች ቀለሙ በቦታው ከነበረው እንዲርቅ አይፈቅዱም፤ የጥበብ ውድድሮች ብዙ ጊዜ ላላ ይላሉ። ቢፈቀድም እንኳ ፎቶውን በሙሉ ጥቁርና ነጭ አድርጎ አንዲት ቀይ ቀሚስ ብቻ ማስቀረትን አልመክርም። ሌይተር ግራጫውን ያገኘው ከበረዶውና ከጉሙ ነው፤ በዚያ መንገድ ግን ግራጫው የሚመጣው ከኮምፒውተር ነው፤ ልዩነቱም ይታወቃል።

ለሚቀጥለው የቀለም ውድድር ፎቶ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ከመላካችሁ በፊት የፎቶውን አንድ ቅጂ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩና እዩት። ያለ ቀለሙም እኩል የሚያምር ከሆነ ጥሩ ፎቶ ይዛችኋል፤ ለሌላ ውድድር አስቀምጡትና ለዚህኛው እንደገና ውጡ።