ለአዛውንት ጥያቄን መድገም ለምን አይበቃም

ሀዋታ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ በራሃድ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ወንዙ በኢትዮጵያ በኩል ሽንፋ ይባላል፤ ሰውም እንደ ውሃው ድንበሩን ሲሻገር ኖሯል። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ወደ ኡም ራኩባ መጠለያ የጎረፈው ስደተኛም፣ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከትግራይ ጦርነት የሸሸውም በዚሁ ግዛት ተጠልሏል። ስደተኛ በሚመዘገብበት ቦታ አዛውንት ብዙ ጊዜ በአስተርጓሚ በኩል ይጠየቃሉ። መልሱ ሲዘገይ ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ነው፤ ያንኑ ቃል ድምፅ ከፍ አድርጎ መድገም። ይህ ልማድ አዛውንቱን እንደሚጎዳ አምናለሁ።

ሪቻርድ ዋረን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ጥናት አንድን ቃል በቴፕ እየደጋገመ ለወጣቶችና ለአዛውንት አሰማ። የቴፑ ድምፅ ቅንጣት አልተለወጠም። ወጣቶቹ ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቃሉ ብዙ ጊዜ ሲለዋወጥ ሰሙ፤ «ትሬስ» የተባለው «ድሬስ»፣ «ስትሬስ» ሆነባቸው። አዛውንቱ የሰሙት ለውጥ እጅግ ያነሰ ነበር፤ የሰሙትም በአብዛኛው የታወቀ ቃል ነው። ዋረን እንደሚለው የወጣት አእምሮ የሰማውን እያፈረሰ እንደገና የሚገነባው ስህተቱን ለማረም ነው። ይህ ችሎታ በዕድሜ ይቀንሳል። አዛውንቱ በያዙት ቃል ይጸናሉ፤ መጀመሪያ በትክክል ከሰሙ ጽናቱ ይጠቅማቸዋል። አሳስተው ከሰሙ ግን ድግግሞሹ ስህተቱን ላያነሳላቸው ይችላል።

ችግሩ የጆሮ መድከም ብቻ ነው የሚል ይኖራል። የመስማት ችግር በእርግጥ ሰፊ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ60 ዓመት በላይ ካሉት ከ25 በመቶ የሚበልጡት ኑሮን የሚያውክ የመስማት እክል እንዳለባቸው ይናገራል። ነገር ግን ጉዳዩ የጆሮ ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ቃሉ በአዛውንቱ ላይ ይበልጥ ሊዋዥቅ ይገባው ነበር፤ የሆነው ተቃራኒው ነው። ሌላው ደግሞ አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ» ሲሉ ወይም በዚክር የአላህን ስም ሲደጋግሙ የኖሩ ሽማግሌዎች ድግግሞሽን ለምደውታል ይል ይሆናል። ጸሎቱ ግን ዜማ፣ ትንፋሽና ትርጉም አለው፤ አፍና ልብ አብረው ይሠሩበታል። የጠያቂ ድግግሞሽ ይህ ሁሉ የለውም።

ስለዚህ አስተርጓሚው ጥያቄውን አንዴ ደግሞት ካልተሰማ ቃሉን ይለውጥ። «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብሎ ከመጮኽ ይልቅ «በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተወልደው ነበር?» ብሎ አዛውንቱ የሚያውቁትን ዘመን ያስታውሳቸው፤ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ጊዜ ይስጣቸው። በመዝገቡም ላይ «አያውቁም» የሚለው መልስ ከመጻፉ በፊት ጥያቄው በሌላ አነጋገር ቀርቦ እንደነበር ይጣራ፤ ያ አንድ ቃል የዕድሜ፣ የቤተሰብና የመብት ማስረጃ ሆኖ ለዓመታት ከአዛውንቱ ፋይል ጋር ይዞራልና።