እንጦጦ፦ ዝናብ ለሁለት ተፋሰስ የሚከፈልበት ተራራ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ለጎብኚ ንጹሕ አየር፣ ለምዕመን ነባር አድባራት፣ ለታሪክ ወዳድ ደግሞ የቀድሞ ቤተ መንግሥት መገኛ ነው። ለአርሶ አደሩና ለከተማ ነዋሪው ግን ከዚህ የሚልቅ ትርጉም አለው። ምክንያቱን በዓይን አይቶ ለመረዳት የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ይበቃል።

ጉዞው የሚጀመረው በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በሀገር ባህል አልባሳት ገበያዋ ከምትታወቀው ሽሮ ሜዳ ነው። ከዚያ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደው ዳገት ቀጥ ያለ ነው። ከላይ ደግሞ ማገዶና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲወርዱ ይታያሉ። የተራራው ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ስለሚደርስ አየሩ ይሳሳል፤ ተጓዡም ቀስ ብሎ፣ እያረፈ መውጣት ይኖርበታል።

ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት መቀመጫቸው በዚህ ከፍታ ላይ ነበር። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ይሁን እንጂ ቦታው ብርድና ነፋስ የጸናበት በመሆኑ፣ ከተማዋ ፍል ውኃ ወዳለበት ወደ ሜዳው ወረደች።

ከተራራው ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ከተማዋ ከሥሩ ተዘርግታ ትታያለች። በዚህ በኩል የሚወርደው ዝናብ ቀበናንና ቀጨኔን በመሳሰሉ ወንዞች አድርጎ ከአቃቂ ጋር ይቀላቀልና አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ወደ ሰሜን ሲዞሩ ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ ይታያል። የዚያ ወገን ውኃ በሙገር በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። በጥቂት እርምጃ ልዩነት የሚያርፉ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች ዳግም አይገናኙም።

ውኃው በየትኛውም ወገን ይውረድ፣ አወራረዱን የሚወስነው የተራራው ልብስ ነው። ቀድሞ እንጦጦን ጽድ፣ ወይራና ኮሶን የመሳሰሉ ነባር ዛፎች ይሸፍኑት ነበር። ደኑ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ሲመናመን፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም እስከ ማዛወር ድረስ ታስቦ ነበር። ችግሩን ያቃለለው መገኛው አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብትም አይበላውም። ለብዙ አርሶ አደሮች የቁርጥ ቀን ገንዘብ ነው። በአንጻሩ ብዙ ውኃ ይስባል፤ ከሥሩም ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም አይበቅልም። የረገፈው ቅጠል ለማገዶ ሲጠረግ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ያን ጊዜ ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ወደ ውስጥ ለመስረግ ፋታ አያገኝም፤ አፈሩን ይዞ ቁልቁል ይሮጣል። ውጤቱም በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ የደረቀ ምንጭ ነው።

በተራራው ሰንሰለት ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይህን ለማረም ከሚሠሩት አንዱ ነው። በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው ይህ ማዕከል 705 ሄክታር ላይ ያረፈ ሲሆን፣ ሀገር በቀል ዕፅዋትን ይንከባከባል። በ2013 ዓ.ም የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም ለእግረኛ ምቹ መንገዶች አሉት።

ለጉዞው የሚመረጠው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያለው ወቅት ነው። የማያንሸራትት ጫማ፣ የሚደረብ ልብስና በቂ ውኃ መያዝ፣ በቡድን መሄድና ሳይመሽ መመለስ ይገባል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው በበጋ እሳት ከማንደድ መቆጠብ ግድ ነው።

የተራራውን ልብስ መመለስ ግን ችግኝ በመትከል ብቻ አይሳካም። ማገዶ ተሸክማ የምትወርደው ሴት ሌላ መተዳደሪያ፣ በታች ያለው ቤተሰብም ሌላ ማገዶ ካላገኙ የተተከለው አይጸድቅም። በሱሉልታ የሚያርሰው ገበሬም ሆነ በአቃቂ ዳርቻ አትክልት የሚያለማው፣ የሁለቱም ውኃ የሚጀምረው ከዚሁ ጫፍ ነው።