ሳተላይት ያላየው ዝናብ

ይህን ጣቢያ ለመከታተል በሰገነትዎ ወይም በጣሪያዎ ላይ የተከሉት ዲሽ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኝ ሳተላይት የዞረ ነው። በዚያው ከፍታ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በላይ፣ ፊልምም ሆነ ዜና የማያስተላልፍ ሌላ ሳተላይት አለ፤ ሜቴዎሳት ይባላል። ሥራው አፍሪካንና አውሮፓን ሌት ተቀን፣ በየጥቂት ደቂቃው ፎቶግራፍ ማንሣት ነው።

ከእነዚህ ምስሎች ዛሬ ወሎ ወይም ሐረርጌ ውስጥ ምን ያህል እንደዘነበ ማወቅ ይቻላልን? በእንግሊዝ አገር የሚገኘው ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአፍሪካ ዝናብ ላይ የሚሠራ ቡድን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1977 ነበር። ቡድኑ ታምሳት ይባላል። መላውን አፍሪካ በአራት ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ከፋፍሎ የሚያሳየው የዝናብ መዝገቡ ከ1983 ይጀምራል። ብዙዎቻችን «ሰባ ሰባት» እያልን የምናስታውሰው የድርቅ ዘመን በዚህ መዝገብ ውስጥ አለ ማለት ነው።

የአሠራሩ መሠረታዊ ሐሳብ ቀላል ነው። ነጎድጓዳማ ደመና ወደ ላይ በረዘመ ቁጥር አናቱ ይቀዘቅዛል፤ ይህን ቅዝቃዜ በሳተላይቱ ላይ የተገጠመው የሙቀት ጨረር ካሜራ ይለካዋል። ተመራማሪዎቹ በአንድ ስፍራ ላይ እንዲህ ያለው ቀዝቃዛ ደመና ለስንት ሰዓት እንደቆየ ይቆጥራሉ። ከዚያም ቁጥሩን መሬት ላይ ካለው የዝናብ መለኪያ ንባብ ጋር አነጻጽረው ወደ ሚሊ ሜትር ይለውጡታል።

ይሁን እንጂ ሳተላይቱ ዝናቡን አያይም፤ የሚያየው የደመናውን አናት ነው። በተራራ ላይ ነፋስ ሽቅብ ሲወጣ የሚፈጠረው ዝቅተኛ ደመና አናቱ እምብዛም ሳይቀዘቅዝ ሊዘንብ ይችላል። በአንጻሩ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ስስ ደመና እጅግ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ አንዲት ጠብታ ላያወርድ ይችላል። እንደ ኢትዮጵያ ተራራና ሸለቆ ለበዛበት አገር ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ የሳተላይቱ ግምት የሚታረመው ከምድር በሚገኝ መረጃ ነው። በኢትዮጵያ የዝናብ ጣቢያዎች አንድ ታዛቢ በየዕለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በመለኪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ለክቶ ይመዘግባል። ችግሩ ጣቢያዎቹ በአብዛኛው በከተሞችና በዋና ዋና መንገዶች ዳር መተከላቸው ነው፤ ብዙው ቆላና ገጠር አንባቢ የለውም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በአሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቱፋ ድንቁ፣ ከሬዲንግ ዩኒቨርሲቲና በወቅቱ ብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ ይባል ከነበረው መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ጋር አብረው ሠርተዋል። የጣቢያዎቹን ንባብ ከሳተላይቱ ግምት ጋር በማዋሐድ የ30 ዓመት የዝናብ ታሪክ በየ10 ኪሎ ሜትሩ አዘጋጁ። መለኪያ ተተክሎባቸው የማያውቁ ቀበሌዎች በዚህ መንገድ የዝናብ መዝገብ አገኙ። አሠራሩም በኋላ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተሻገረ።

ይህ ሁሉ ለገበሬው ምን ያደርግለታል? እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ፣ አዲ ሓ በተባለ ስፍራ፣ 200 ያህል አባወራዎች ለጤፍ ሰብላቸው የድርቅ መድን ገቡ። በእንዲህ ያለው መድን ካሣ የሚከፈለው ገምጋሚ ማሳውን አይቶ ሳይሆን፣ በሳተላይት የተገመተው ዝናብ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ነው። አሠራሩ ወጪውን ስለሚቀንስ ለድኻ ገበሬ እንኳ መድን ማዳረስ ይቻላል። ነገር ግን ማሳው ደርቆ ሳለ ሳተላይቱ «ዘንቧል» ቢል ገበሬው ሰብሉንም ካሣውንም ያጣል። በደመና አናት ንባብ ላይ የሚፈጠር የጥቂት ሚሊ ሜትር ስሕተት የአንድ ቤተሰብ የዓመት ጉርስ ሊሆን ይችላል።

የምድሩን መረጃ በማዳን ረገድ ለሳይንቲስት ብቻ የተተወ ሥራ የለም። በመጋቢት 2020፣ አውሮፓ በኮሮና ምክንያት ቤቱን በዘጋበት ሰሞን፣ የሬዲንጉ ፕሮፌሰር ኤድ ሃውኪንስ በብሪታንያ መዛግብት ውስጥ የነበሩ ከ65 ሺሕ በላይ በእጅ የተጻፉ የዝናብ ገጾችን ለሕዝብ አቀረቡ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ ቁጥሮቹን እያያችሁ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡልን የሚል። 16 ሺሕ ገደማ በጎ ፈቃደኞች ሥራውን በ16 ቀናት ጨረሱት። ቀደም ሲል ከ1862 ይጀምር የነበረው የአገሪቱ ወርኃዊ የዝናብ መዝገብ በዚህ ሳቢያ ወደ 1836 ተመለሰ፤ ከተመዘገቡት ሁሉ ደረቁ ዓመት 1855 እንደነበረም ታወቀ።

ለሕዝብ የተከፈተው በር ይህ ብቻ አይደለም። የእያንዳንዱን ዓመት አማካይ ሙቀት በአንድ ቀጭን መስመር፣ ከሰማያዊ እስከ ደማቅ ቀይ፣ የሚያሳየውን «የአየር ንብረት መስመሮች» የተባለ ሥዕል በ2018 ያዘጋጁትም እኒሁ ፕሮፌሰር ናቸው። በየዓመቱ ጁን 21 ቀን ሰዎች የየአገራቸውን መስመሮች በአደባባይ ያሳያሉ። የኢትዮጵያም መስመሮች ተዘጋጅተዋል፤ ለማኅበረሰብ ስብሰባም ሆነ ለልጆች ክፍል በነጻ መጠቀም ይቻላል።

እኔ ራሴ በውጭ አገር ምህንድስና ስማር የአየር ንብረት ሳይንስ የጂኦግራፊ ተማሪዎች ድርሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። ዘርፉ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኮምፒውተርና ምህንድስና ያጠኑትን ይፈልጋል። በስደት ያሉ ወላጆች ብዙ ጊዜ የማይነገራቸው ሌላም ነገር አለ፦ በሳይንስ የዶክትሬት ትምህርት ብዙውን ጊዜ ከኪስ የሚከፈልበት አይደለም። በአሜሪካ ተማሪው በአብዛኛው የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት፣ በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት አበል ያገኛል። በብሪታንያም ከ2021 ጀምሮ በመንግሥት የምርምር ገንዘብ የሚደገፉ የዶክትሬት ቦታዎች በተወሰነ ድርሻ ለውጭ አገር ዜጎች ክፍት ሆነዋል።

የማስተርስ ትምህርት ለሚሹ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የብሪታንያ መንግሥት የቼቭኒንግ ነጻ የትምህርት ዕድል አለ። ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተመራቂውም ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በነሐሴ ወር ይከፈታል። በአገር ቤት ለሚጀምሩም አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሚቲዎሮሎጂ ያስተምራል።

ከማመልከቻው በፊት ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ መጀመር ይቻላል። የታምሳት መዝገብ ለማንም በነጻ ይሰጣል። ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ በጥቂቱ የቀመሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ዋሺንግተንም ይሁን ዱባይ ተቀምጦ፣ ወላጆቹ የተወለዱበትን ወረዳ ዝናብ ከ1983 ጀምሮ በአንድ ምሽት በግራፍ ሊስል ይችላል። ግራፉን ለእናቱ ወይም ለአያቱ ያሳያቸው፤ ዝናብ የቀረባቸውን ዓመታት ይጠይቃቸው። እርሳቸው የሚያስታውሱትና ሳተላይቱ የመዘገበው የማይገጥሙበት ዓመት ከተገኘ፣ የመጀመሪያው የምርምር ጥያቄ ከዚያ ይጀምራል።