የተማሪው መዝገብ፤ ከላንጋኖ ዳርቻ እስከ ሰርቨሮች ጉድኝት

እንደሚታወቀው የላንጋኖ ሐይቅ አንድ ውኃ ቢሆንም ዳርቻው በአንድ አስተዳደር ሥር አልተጠቃለለም። ከፊሉ በምሥራቅ ሸዋ ዞን በአዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ ወረዳ፣ ከፊሉ ደግሞ በምዕራብ አርሲ ዞን በአርሲ ነገሌ ወረዳ ይገኛል። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ወላጆቿ ግጦሽ ወይም ሥራ ፍለጋ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ሲዛወሩ አብራቸው ሄደች እንበል። የቀድሞ ትምህርት ቤቷ ስሟን ሳይሰርዝ አዲሱ ትምህርት ቤት እንደ አዲስ ገቢ ቢመዘግባት በወረቀት ላይ ሁለት ልጆች ትሆናለች። በአንጻሩ የመጀመሪያው «አቋረጠች» ብሎ ሲሰርዛት ሁለተኛው መሸኛ አላመጣችም ብሎ ሳይመዘግባት ቢቀር፣ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳለች በመዝገብ አትገኝም።

ይህ የጽሕፈት ስሕተት ብቻ አይደለም። መጽሐፍ የሚታደለው፣ መምህር የሚመደበውና አዲስ ክፍል የሚታቀደው በተማሪ ቁጥር ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች የተሰጠው ድጎማም የተሰላው በተማሪዎች ብዛት ነበር። ስለሆነም ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ልጅ የሌላውን ድርሻ ይወስዳል፤ ያልተቆጠረ ልጅ ደግሞ የራሱን ያጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመረጃ ቋትና በሰርቨሮች አሠራር ረገድ የተገኙትን ዋና ዋና የፈጠራ ውጤቶች በዚህች ልጅ ምሳሌነት ማስረዳትና ከመምህሩ የሚጠበቀውን ድርሻ ማመልከት ነው።

1. አንዱን ነገር አንድ ጊዜ መመዝገብ

ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት መረጃ ሁሉ በረድፍና በዓምድ በተከፋፈሉ ሠንጠረዦች እንዲቀመጥ፣ እያንዳንዱም ረድፍ የራሱ መለያ ቁልፍ እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበ። የአሠራሩ ጥቅም ከሮስተር ጋር ሲነጻጸር ይገለጻል። በየተማሪው ስም አንጻር የትምህርት ቤቱ ከተማ «ዝዋይ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ከተማው «ባቱ» ሲባል ረድፉ ሁሉ መታረም አለበት፤ አንዱ ቢዘለል መዝገቡ እርስ በርሱ ይጋጫል። በኮድ ዘዴ ግን የትምህርት ቤቶች ሠንጠረዥ ለብቻው ይቆማል። በተማሪው ረድፍ የሚጻፈው የትምህርት ቤቱ መለያ ቁጥር ብቻ ስለሆነ እርማቱ በአንድ ቦታ ተደርጎ ያበቃል።

2. ዝውውሩ ሙሉ ይሁን ወይም አይሁን

የተማሪዋ ዝውውር ሁለት ተግባራትን ይይዛል፤ ይኸውም ከአንዱ መዝገብ መሰረዝና በሌላው መመዝገብ ነው። በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ጂም ግሬይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ባዳበሩት ሥርዓት ሁለቱ ተግባራት እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይ አንዳቸውም አይፈጸሙም። ለዚህም ሲባል ኮምፒውተሩ ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ በማስታወሻ መዝገብ ያሰፍራል። መብራት ሲመለስ ማስታወሻውን አንብቦ የተጀመረውን ይፈጽማል ወይም ወደነበረበት ይመልሳል። ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1998 የቱሪንግን ሽልማት ተቀብሏል።

3. የሰርቨሮች ጉድኝት

የመላ አገሪቱ ተማሪዎች መዝገብ በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ቢቀመጥ የዚያ ሰርቨር ብልሽት የሁሉም ብልሽት ይሆናል። አንድ ሰርቨር በአማካይ በ1,000 ቀን አንድ ጊዜ ይበላሻል ብንል፣ 1,000 ሰርቨሮች ባሉበት ሥፍራ በየቀኑ አንዱ ይበላሻል ማለት ነው። በመሆኑም መፍትሔው የማይበላሽ ሰርቨር መፈለግ ሳይሆን፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚተካበትን ጉድኝት ማቋቋም ነው። መምህራን ጉድኝትን በትምህርት ቤቶች መካከል ያውቁታል። ልዩነቱ፣ በትምህርት ቤቶች ጉድኝት ማዕከሉ ቢዘጋ ሌሎቹ አገልግሎቱን የሚያጡ ሲሆን፣ በሚገባ በተደራጀ የሰርቨሮች ጉድኝት ግን ከአባላቱ አንዱ የማዕከሉን ሥራ ይረከባል።

ለዚህ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው መንገድ ነው። ቻርልስ ክሎስ እ.ኤ.አ. በ1953 ለስልክ ማዞሪያ ባቀረበው ንድፍ ትናንሽ ማገናኛዎች በደረጃ ተደርድረው በማናቸውም ሁለት ነጥቦች መካከል ብዙ መንገድ ይፈጥራሉ፤ አንዱ ቢቋረጥ መልእክቱ በሌላው ያልፋል። ዛሬም ታላላቅ የመረጃ ማዕከሎች በዚሁ ንድፍ ይገለገላሉ። ሁለተኛው ስምምነት ነው። ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ዘዴ መሠረት መረጃው የጸና ሆኖ የሚቆጠረው ከሰርቨሮቹ አብዛኞቹ ሲቀበሉት ነው። ከ3 ሰርቨሮች 1፣ ከ5ቱ ደግሞ 2 ቢጠፉ እንኳ መዝገቡ አይጠፋም።

4. መሣሪያው የማያውቀው ነገር

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ የተመዘገበውን ነገር ይጠብቃሉ፤ ስሕተትንም ጭምር። ሁለት ጊዜ የተመዘገበችውን ልጅ ጉድኝቱ ሁለት አድርጎ በታማኝነት ያኖራታል።

ስም ብቻውን ለመለያነት አይበቃም። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብንወስድ የመጀመሪያው ፊደል በ6 ዓይነት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)፣ «ሥ» በ2፣ «ሴ»ም በ2 ዓይነት ሊጻፍ ስለሚችል 24 አጻጻፍ ይኖረዋል፤ ተለያይቶና ተያይዞ ሲጻፍ ደግሞ 48 ይሆናል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን 48 የተለያዩ ስሞች ናቸው። በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች በቁቤ የሚጻፍ ስም ወደ ግዕዝ ፊደል ሲዛወርም ተመሳሳይ ችግር አለ። ቁቤ የፊደልን መጥበቅና የአናባቢን መርዘም ሆሄ በመደጋገም ሲያሳይ፣ የእኛ ፊደል ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም።

ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ ሲመዘገብ የሚሰጠውና በየሄደበት የሚከተለው አንድ ቋሚ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 በአገር ደረጃ ይህንኑ መሠረተ ሐሳብ ለነዋሪዎች ደንግጓል።

በማጠቃለያም፣ የመዝገቡ ትክክለኛነት የሚጀምረው ከሰርቨሩ ሳይሆን ከመምህሩ ጠረጴዛ ነው። መምህሩ ስምን ቀድሞ በተጻፈበት ፊደል ይገልብጥ፤ በመሸኛው ላይ የተማሪው ቁጥር መኖሩን ያረጋግጥ፤ መሸኛ ያልያዘን ልጅም ከመመለስ ይልቅ ተቀብሎ የቀድሞ ትምህርት ቤቱን ይጠይቅ። የዕቅድ ባለሙያዎችም አንድ ተማሪ አቋረጠ ተብሎ ከመቆጠሩ በፊት በጎረቤት ወረዳና ዞን መዝገብ መፈለጉን የሥራቸው ክፍል ያድርጉት። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም መዝገብ አያያዝን እንደ ተራ የጽሕፈት ሥራ ሳይሆን እንደ ሙያ ሊያስተምሩት ይገባል። ይህ ሲሆን ከላንጋኖ አንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው የተሻገረችው ልጅ በሁለቱም ወረዳዎች ዘንድ አንድ ልጅ ሆና ትቆጠራለች፤ መጽሐፏም ባለችበት ይደርሳታል።