ያውቁ ኖሯል? የዝዋይ ደሴቶች ከጀልባ ሽርሽር በላይ ናቸው
የደቡብ ኮሪያዋ ጄጁ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2007 በእሳተ ገሞራ ገጽታዋ፣ በ2016 ደግሞ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ በሚጠልቁ ሴቶቿ ባህል በዩኔስኮ ተመዝግባለች። ዝናዋ የቆመው በተፈጥሮዋም በሰዎቿም ላይ ነው። ከአዳማ በስተ ደቡብ፣ ባቱ ከተማ ዳር ያለው የዝዋይ (ደንበል) ሐይቅም ሁለቱንም ይዟል። ብዙ ጎብኚ ግን ጉማሬውንና የውሃ አዕዋፉን አይቶ፣ ዓሣውን በልቶ ይመለሳል፤ ትልቁ ሀብት ያለው ከዚያ ወዲያ፣ በደሴቶቹ ላይ ነው።

ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ የዛይ ሕዝብ አገር ናቸው። በትውፊት፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ያረፈችው በቱሉ ጉዶዋ ደብረ ጽዮን ገዳም ነው። ይህ በቁፋሮ አልተረጋገጠም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። የዛይ ቋንቋም ከትግርኛ ይልቅ ለስልጤና ለሐረሪ ስለሚቀርብ፣ የሕዝቡን አመጣጥ በሙሉ ከአክሱም መሳብ ያስቸግራል። የደሴቶቹ ዋጋ ግን በዚያ አንድ ትውፊት ላይ አይንጠለጠልም። በዙሪያው አፋን ኦሮሞ እየተነገረ ይህ ሴማዊ ቋንቋ እስካሁን መቆየቱ፣ በደሴቶቹ የተጠበቁት የብራና መጻሕፍትና በቱሉ ጉዶ ተራራ ወገብ የተሠሩት የእርሻ እርከኖች፣ ውሃው ለዘመናት መጠለያ እንደነበረ ራሳቸው ይመሰክራሉ።