መጽሐፉን ዝጊና ንገሪኝ

የሦስተኛ ክፍል ልጅ «አጥንቻለሁ» ሲላችሁ አብዛኛውን ጊዜ እየዋሸ አይደለም። ገጹን ሁለት ሦስቴ አንብቦታል፤ ቃላቱ ለዓይኑ አዲስ ስላልሆኑ ያወቃቸው ይመስለዋል። በማግስቱ ቲቸር ስትጠይቀው ግን ድርቅ ይላል። እኛም «ስትጫወት ውለህ ነዋ!» ብለን እንቆጣለን። እኔን ብትጠይቁኝ ለብዙ ልጆች የጎደላቸው ትጋት አይደለም፤ ማወቅ አለማወቃቸውን የሚፈትሹበት ዘዴ ነው። ያንን ዘዴ ሳናስጨብጣቸው «ለትምህርትህ ራስህ ኃላፊነት ውሰድ» ማለት ከባድ ጥያቄ ነው።

ይህ ራስን የመፈተሽ ችሎታ መቼ እንደሚበቅል ሳነብ በጣም ነው የተደነቅሁት። እ.ኤ.አ. በ1970 ጆን ፍላቬል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለልጆች ሥዕሎች ሰጠና «ሁሉንም በቃላችሁ መናገር እንደምትችሉ እርግጠኛ እስክትሆኑ አጥኑ» አላቸው። አንደኛ ክፍል ያልደረሱት ትንንሾቹ «ጨርሰናል» ብለው ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ይጎድልባቸው ነበር። የሁለተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች ግን «ጨርሰናል» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ጨርሰዋል። ልብ በሉ! ችሎታው የሚበቅለው ልክ በአንደኛ ደረጃ ዕድሜ ነው ማለት ነው።

በቀለ ማለት ግን ጠነከረ ማለት አይደለም። በሥዕል የተሳካለት ልጅ ሙሉ ገጽ ጽሑፍ ሲሰጡት ይታለላል፤ እኛ አዋቂዎቹም እንታለላለን። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ሰጡ። አንዱን ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌላውን ግን አንዴ ካነበቡ በኋላ ሳያዩ ያስታወሱትን ሁሉ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግሞ ማንበቡ በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ የተፈተኑት ዘንድ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት ያስታወሱት 42 በመቶ ሲሆን ከአእምሯቸው አውጥተው ከጻፉት 56 በመቶ ሆነ። ደግሞ ማንበብ ለዛሬ ማታ «ይዤዋለሁ» ያሰኛል፤ ፈተናው ግን የሚመጣው በሳምንቱ ነው።

ታዲያ ለልጅም ባዶ ወረቀት ሰጥቶ መሄድ ነው? አይደለም። ካርፒኪና ባልደረቦቹ ኋላ ላይ በአራተኛ ክፍል ልጆች ሲሞክሩት፣ ያለ ምንም ፍንጭ የተጠየቁት ልጆች ያስታወሱት በጣም ጥቂት ነበር። በከፊል የተሞላ ንድፍ ተሰጥቷቸው የቀረውን ራሳቸው ሲሞሉ ግን ተሻላቸው። ከዚህ ሁሉ ጥናት ውስጥ እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ነው፤ ልጅን ለብቻው መተው ሌላ፣ ፍተሻውን ቀስ በቀስ ማስረከብ ሌላ መሆኑን ያሳያልና።

ቤት ውስጥ ይህ ምን እንደሚመስል እንየው። ልጅቷ ስለ ውሃ ዑደት አንብባለች። እናት «መጽሐፉን ዝጊና ንገሪኝ፤ ዝናብ ከየት ነው የሚመጣው?» ትላለች።

«ከደመና።»

«ደመናውስ?»

«ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ ከዛ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዛ...»

ዝም። እዚህች ላይ እናት መልሱን ልትነግራት አፏ ድረስ ይመጣባታል። እባካችሁ ዋጥ አድርጉት! «የቱ ጋ ነው የጠፋሽ?» ብቻ በሏት። «ላይ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን» ትላለች። አሁን መጽሐፉን ስትከፍት እንደ ቅድሙ ከላይ እስከ ታች አታነበንብም፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ደመና ስለሚሆንበት የሚያወራውን መስመር ነው የምትፈልገው። የጎደላትን አውቃ ፈለገች፤ ኃላፊነት የምለው ይቺን ነው።

ሒሳብ ላይማ ከዚህም ይቀላል። ብዙ ልጆች ከ52 ላይ 27 ቀንሱ ሲባሉ 35 ይላሉ፤ ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲላቸው ገልብጠው ከ7 ላይ 2 ይቀንሳሉ። ደብተሩን ይዞ «ልክ ነኝ?» ብሎ ሲመጣ ኤክስ ከማድረግ ይልቅ «ልክ መሆንህን በምን ታውቃለህ?» በሉት። የቀነሰውን መልሶ እንዲደምር አሳዩት። 35 እና 27 ሲደመሩ 62 ይመጣል። ይሄኔ ማንም ሳይነግረው ፊቱ ይለወጣል፤ ላጲሱንም ራሱ ያነሳል።

አስጠኚ የምትቀጥሩ ወላጆች ይህቺን ነገር ብታዩልኝ ደስ ይለኛል። ጎበዝ አስጠኚ አለ፤ እውነት ነው። ግን እያንዳንዱን ስህተት ልጁ ሳያየው በፊት እሱ እያየ ካረመለት፣ ደብተሩ ያምራል እንጂ ልጁ ማረም የሌላ ሰው ሥራ ነው ብሎ ያድጋል። አስጠኚውን «ከማረምህ በፊት የቱ እንዳጠራጠረው ጠይቀው» በሉት።

«እኔ ራሴ አልተማርኩ፣ በምን አቅሜ?» የሚል ወላጅ አለ። ውጭ አገር ደግሞ ልጆቹ የሚማሩበት እንግሊዝኛ ወይም ዕብራይስጥ የሚከብደው ብዙ ነው። ለዚህ ሥራ ግን መልሱን ማወቅ አያስፈልግም። እንዲያውም የማያውቅ ሰው የልብ አድማጭ ነው፤ ልጁ የተማረውን በአማርኛ ላባቱ ሲያስረዳ፣ ያልገባው ቦታ ላይ አንደበቱ ይሰናከላል። በቆሎ ትምህርት ቤትም ቢሆን ፊደል የለየው ተማሪ ገና ያልለየውን ያስቆጥራል፤ ሲያስቆጥር የራሱም ክፍተት ይታየዋል።

ስትጀምሩ በአንድ ትምህርት ብቻ ይሁን፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። ሲለምደው ጥያቄዎቹን ልጁ ያውጣ፤ ቀጥሎ የከበዱት ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረገ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እነሱኑ ብቻ መልሶ ራሱን ይጠይቅ። ብቻ የፈተና ሳምንት ላይ አትጀምሩት። ያን ሰሞን ልጁም እናንተም ትጨነቃላችሁ፤ አንድ ነገር አለማወቁን ሲያገኝ ይደነግጣል እንጂ ደስ አይለውም። ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን፣ ውጤት የሚጽፍ ሰው በሌለበት ጊዜ ሞክሩት።