የመኪናን ጎን ከድንጋይ የሚታደገው ብረት፦ ሸክሙ ወዴት ይሄዳል?

በጄኔቫና በዙሪክ ጎዳናዎች ላይ የመኪናን ሆድ የሚቧጭር ድንጋይ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከአውራ ጎዳና ወጥቶ በደን ውስጥ ልንዳ የሚል ሰው ቢኖር እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የስዊዘርላንድ የደን ሕግ ከደን ሥራ ጋር ላልተያያዘ ጉዞ በአጠቃላይ አይፈቅድለትም። ይሁን እንጂ ድንጋያማ መንገድ ላይ የመኪናን ጎን ስለሚጠብቀው ብረት በሚገባ ለመረዳት የሚሻ ሰው በእነዚህ ሁለት ከተሞች ብዙ ይማራል።

እ.ኤ.አ. በ1863 በጄኔቫ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሠራተኞቹን ብዙ ጊዜ የሚያሰማራው አስፋልት በሚያልቅበት ስፍራ ነው። ኢትዮጵያም ከሚሠራባቸው አገሮች አንዷ ናት። በላስታ ወይም በሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ የክረምት ጎርፍ ባጠበው መንገድ ላይ፣ የፊት ጎማ ድንጋዩን ተሻግሮ የኋላው ገና ሳይደርስ መኪናው ወገቡ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚጨፈለቀው ከበሩ ሥር ያለው የላሜራ ጠርዝ ነው። ጠርዙ ወደ ላይ ሲታጠፍ በሩን ይዞ ይነሣል፤ በሩም አልከፈት ይላል። በኋላ ወንበር ምጥ የያዛት እናት ተቀምጣ ከሆነ ጉዳቱ የላሜራ ብቻ አይሆንም።

ይህን ለመከላከል የተሠራው መሣሪያ በእንግሊዝኛ ስሙ «ሮክ ስላይደር» ይባላል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በመኪናው ጎን የሚዘረጋ ጠንካራ ቱቦ ሲሆን፣ መኪናው ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ሸክሙን ተቀብሎ እንዲንሸራተት ያደርገዋል።

መልክ ያታልላል

በብዙ ፒክአፖች ጎን ተመሳሳይ የሚመስል ነገር ይታያል፤ ወደ ጋቢና ለመውጣት የሚያገለግል መርገጫ። ልዩነቱ የሚታወቀው ሥሩ ተጎንብሶ ሲታይ ነው። አብዛኞቹ መርገጫዎች የተሠሩት የሰው ክብደት ለመሸከም ነው። ብዙዎቹም በቀጭን ማሰሪያ ከላሜራው ጋር ይያያዛሉ። ድንጋይ ሲመታቸው ታጥፈው ራሳቸው በሩን ይወጉታል። እውነተኛው የጎን መከላከያ ግን በወፋፍራም ክንዶች ከሻንሲው ጋር ይታሰራል።

ይህ ልዩነት የሚመነጨው ከፒክአፕ አሠራር ነው። ሻንሲው መሰላል የሚመስል የብረት አጥንት ነው፤ ሞተሩ፣ ጎማውና ጭነቱ ሁሉ በእሱ ላይ ይደገፋሉ። ጋቢናው በበኩሉ በጎማ ትራሶች ላይ የተቀመጠ ቀጭን ላሜራ ነው። ስለዚህ የድንጋዩ ግፊት ላሜራውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ አጥንቱ መድረስ አለበት።

ጉልበቱን በቁጥር መገመት ይቻላል። ጭነቱን ጨምሮ 3 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ ከክብደቱ ሲሶውን በአንድ ጎኑ ድንጋይ ላይ ቢያሳርፍ፣ ብረቱ 10,000 ኒውተን ያህል ይሸከማል። ክብደቱ ቀስ እያለ ሳይሆን በድንገት ካረፈ፣ ከፍታ ባይኖረው እንኳ፣ በመካኒክስ ቀላል ስሌት ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ 20,000 ኒውተን። ቱቦው ከሻንሲው 30 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ቢቆም፣ በሥሩ ያሉት ክንዶች በጠቅላላው 6,000 ኒውተን ሜትር የማጠፍ ጉልበት ይገጥማቸዋል። የክንዶቹ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በእያንዳንዱ ጎን ሦስትና ከዚያ በላይ የሚሆነውም ይህን ለመከፋፈል ነው።

ከዙሪክ የመጣ ትምህርት

ሸክም በአንድ አካል ውስጥ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ በሥዕል የማሳየት ጥበብ ከዙሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ካርል ኩልማን እ.ኤ.አ. ከ1855 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ አስተማሪ ነበር። በ1860ዎቹ የአናቶሚ ሊቁ ሄርማን ፎን ማየር የጭን አጥንት ተሰንጥቆ ውስጡ ሲታይ የሚገኙትን ጥቃቅን መስመሮች ሲያሳይ፣ ኩልማን እሱ ራሱ ለክሬን ከሚሥላቸው የሸክም መስመሮች ጋር መመሳሰላቸውን አስተዋለ። አጥንት የሚያስፈልገውን ስፍራ እያጠነከረ፣ የማያስፈልገውን እያቀለለ ያድጋል።

የጎን መከላከያ ቱቦም ባዶ ውስጥ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። የአንድን ስስ ቱቦ ግድግዳ ውፍረት እጥፍ ማድረግ ለመታጠፍ ያለውን ጽናት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ውፍረቱ ሳይለወጥ የቱቦውን ስፋት እጥፍ ማድረግ ግን ጽናቱን ስምንት እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል። ክብደቱ በሁለቱም መንገድ የሚጨምረው እጥፍ ያህል ብቻ ነው።

በዚህ ትምህርት ቤት ኩልማን በሚያስተምርበት ዘመን የተማረ አንድ መሐንዲስ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ ገብቶ ዳግማዊ ምኒልክን ለረጅም ዘመን አገልግሏል፤ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርቷል፤ የጅቡቲ የባቡር መስመር እንዲዘረጋም ደክሟል። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1916 በዙሪክ ነው። ድልድይም ሆነ የመኪና መከላከያ መሐንዲሱን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሸክሙ ከዚህ ተነሥቶ የት ያርፋል?

አገጣጠሙ

ብረቱ ከሻንሲው ጋር በብሎን ወይም በብየዳ ሊያያዝ ይችላል። ብየዳ ጠንካራ ቢመስልም ሙቀቱ በዙሪያው ያለውን ብረት ባሕርይ ይለውጣል። ሥራው በደንብ ካልተከናወነ ስንጥቅ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው፤ ሻንሲ ሲሰነጠቅ ደግሞ መኪናው በሙሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። በብሎን የሚታሰረው ሸክሙን በሰፊ ሳህን ላይ ያከፋፍላል፤ ሲጎዳም ይፈታል።

በቱቦውና በጋቢናው መካከል የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ጋቢናው በጎማ ትራሶቹ ላይ ስለሚንቀሳቀስ፣ ክፍተት ከሌለ ብረቱ ሊጠብቀው የመጣውን ላሜራ ራሱ ይጎዳዋል። የፍሬን ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ በክንዶቹ እንዳይጨፈለቁ ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ካልተተወ፣ በተለይ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት የስዊዘርላንድ ክረምት፣ ቱቦው ከውስጥ ይዝጋል።

በስዊዘርላንድ ሥራው ጋራዥ ውስጥ አያበቃም። ጄኔቫም ሆነ ዙሪክ፣ የተሽከርካሪን አሠራር የሚነካ ለውጥ ለካንቶኑ የተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት ሳይቀርብና ሳይመረመር መኪናው መንገድ ላይ ሊወጣ አይገባም። መርማሪው እግረኛን ሊቆርጥ የሚችል ሹል ጠርዝ እንዳይኖር፣ አስተሳሰሩም አስተማማኝ እንዲሆን ይፈልጋል። አስፈላጊ ሲሆን ለውጡ በመኪናው ሊብሬ ላይ ይመዘገባል። ከዚያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ትርፉ ግልጽ ነው፤ ብረቱን ከመግዛት በፊት ሻጩ የማረጋገጫ ሰነድ እንዳለው መጠየቅ።

በኢትዮጵያ ጥሩ በያጅ ማግኘት ብዙ አይከብድም፤ ቱቦም በገበያ አለ። ስለዚህ ባለመኪናው ለባለሙያው የሚያቀርበው ጥያቄ ወሳኝ ነው። ብረቱ የሚታሰረው ሻንሲው ላይ ነው ወይስ ላሜራው ላይ? ክሪክ ከሥሩ ቢገባ መኪናውን እንዲያነሣ ተደርጎ ተሠርቷል? መልሱ «ለማማር ነው» ከሆነ፣ ያ ብረት ድንጋዩ ላይ አይታመንም።

ተገጥሞ ሲያበቃም አንድ ሥራ ይቀራል። አዲስ የታሰረ ብሎን ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ይላላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ድንጋያማ መንገድ የተመለሰ ሾፌር ከመኪናው ሥር ገብቶ እያንዳንዱን ብሎን በቁልፍ መፈተሽ አለበት።